የአንቀልባው ዋጋ

ቢቸና፣ ቅዳሜ፣ ከቆዳ ተራ ጫፍ፣
አያ ሙጬ ነበር ዛጎሉን ሲያሰልፍ፤
ዘጠኝ አንቀልባዎች ከግንዱ ላይ ሰቅሎ፣
ዘጠኝ የእናት ጀርባ የሚጠብቅ መስሎ።
"አምና በዚህ ጊዜ ስንት ሸጥህ?" ብለው፣
"አምናማ…" አለና ቃሉን አልጨረሰው።
ወስፌውን ከቆዳው ቀስ አድርጎ ነቅሎ፣
አሻቅቦ አየኝ፣ "ስማኝ፣ መምህር" ብሎ፦
"ሙሽራ ሳትገባ ቀብድ ይጣልልኝ ነበር፤
ዛሬ ሰው ዋጋ ሰምቶ ይሄዳል ሲማከር።
ቆዳውም ተወዷል፤ የሚታዘል ጠፍቷል፤
ጤፍስ ይወደድ፣ እሺ፤ ልጅስ ረክሶ ያውቃል?"

እኔ ግን የወጣሁ ጤፍ ልገዛ ነው።
የእነማይ መረሬ፣ ነጭ ጤፍ አብቃይ ምድር፣
ጤፉ ላይሱዙ ነው፣ ለእኛ ዋጋው ሲቀር።
"ስንት ነው ኩንታሉ?" ብዬ ብጠይቀው፣
"የጧቱን ነው?" አለኝ፣ "ወይስ ያሁኑን ነው?"
ያሁኑን ሰምቼ የጧቱን ናፈቅሁት፤
የአምናውንማ ተዉት፣ ተዝካሩን በላሁት።

ትናንት ማታ ደግሞ
መብራት ሲጠፋብን፣ ስልኳን ደግፋ አብርታ፣
አንችናሉ ነበረች ደብተሯን ዘርግታ፦
ለምጥ ሌሊት ባጃጅ፣ ሳሙና፣ መጠቅለያ፣ ወተት…
የአራስ ሙክት ጽፋ፣ አይታ ሰረዘች፤
ዶሮ ብላ ጻፈች፣ እሱንም አጠፋች፤
እንቁላል ላይ ደርሳ እስክሪብቶ ጣለች።
"ለከርሞ" አልኋት እኔ፤ "ለከርሞ" አለች እሷም፤
አራት ከርሞ አለፈ፣ ከርሞ ግን አልመጣም።
ጤና ጣቢያው በር ላይ "አራርቃችሁ ውለዱ" ያለው ማስታወቂያ
ቢጫ ሆኖ ጡረታ ወጣ፤ ተካው ገበያ።

እናቴ ትደውላለች። የምታውቀው ሒሳብ አንድ ነው፦
"ልጅ በዕድሉ ያድጋል።"
እውነቷን ነው እሷስ፤ በዚያ ዘመን ውሎ፣
ዕድል በቁና ነበር፤ ዛሬ ሆኗል በኪሎ።

አባቴ ስም ሲያወጣ ጎተራውን እያየ ነው፤
በዛብህ ነው በኩሩ፣ ተከታዩ አከለ፤
ሙላት፣ ትርፌ፣ ጥጋቡ… ቤቱ ጎተራ መሰለ።
ጨምሬ ስድስተኛው።
(ዛሬ "ጨምሬ!" ብዬ በገበያ ብጣራ፣
አቤት የሚለኝ ዋጋ ነው፣ ከየእህል ተራ።)
በሰማንያ ዘጠኝ፣ መሬት ሲሸነሸን፣
የቀያሹ ገመድ ሲያልፍ በማሳችን፣
እኔ መጣሁ ሰባተኛ።
አባቴ ገመዱን አየ። እኔን አየ። ተነፈሰ።
እሱ ሲያበቃ ያላት የመጨረሻ ቃል፣
እኔ ገና ሳልጀምር ስሜ ሆነች፦ ይበቃል።

ዛሬ ግን፣ እንጃ። የጤፉን ብር ቆጥሬ፣
ሩቡን ለአያ ሙጬ ሰጠሁት ደፍሬ።
ሲጠቀልልልኝ እጁ ተንቀጠቀጠ፤
"መቼ ነው?" አላለኝም፣ የቀረውን ክር ቆረጠ።

ቤት ስገባ አየችኝ፤ ጤፌ ጎዶሎ ከረጢት፣
በላዩ አንቀልባ፣ ዛጎሉ ፊት ለፊት።
"ስንት ገዛኸው?" አለች።
"ተወዷል" አልኋት።
"ምኑ?" አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ፣
ዐይኗ ከከረጢቱ ወደ አንቀልባው ተመለሰ።
መልስ አጣሁ። አንድ ቃል ነው ያለን፣
ለናፈቅነውም፣ ላቃተንም።

ዛጎሉን ነካካች፣ ባንድ ጣት ቆጠረች፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባት ላይ ቆመች።
"ይበቃል" አለችኝ።
ስሜን ይሁን ቃሉን፣ አልጠየቅኋትም፤
ደብተሩ ግን ያን ሌሊት አልተከፈተም።